የግራጫዋ መኪና ሾፌር በእኔ ምላስ ሊባረር ሲል

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ለአንድ ሾፌር፣ ለአንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ለእህቴ። እህቴ ግን «እኔን ተወኝ፣ ሰዎቹን አመስግን» ስላለች ሁለት ሰዎች በሉት።

ሥራዬ መኪና መቀባት ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስድስተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ሰባት ብትሉኝም ቅር አይለኝም። ሰፈር ውስጥ «አባ ጨምር» ይሉኛል። ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ ነበር እላለሁ። አንድ ውሻ ከጮኸብኝ እቤት እስክደርስ አምስት ይሆናሉ፣ አንዱም ያነክሳል። ይህን የማደርገው ሰው ለመጉዳት አይደለም፤ ነገሩ እንዳለ ሲነገር ስለሚያሳዝነኝ ነው።

መኪና ሲቀባ መስታወቱንና መብራቱን ቀለም እንዳይነካው በአሮጌ ጋዜጣ እንሸፍነዋለን። የመንግሥት ጋዜጣ ለዚህ አንደኛ ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ቀለም አያሳልፍም። እኔ ደግሞ እያጣበቅሁ አነባለሁ፤ ተዘቅዝቆም፣ ተጋድሞም። ዕውቀቴ ሁሉ ግማሽ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሌላ ሰው በር ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ከጋራዣችን ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው አጠገብ አንዲት ግራጫ መኪና ሦስት ቀን ቆማ ነበር። መስታወቷ ጥቁር ነው። የማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን ትንፍሽ አይልም። ጫማ ጠጋኙ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ መስፋት ጀመረ። በአጠገቧ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ድንገት ስለ አየሩ ጮክ ብሎ ያወራል። ሰፈራችን ስለ ደመና እንደዚያ ሰሞን ተጨንቆ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ እህቴ ጋራዥ መጣች። ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ልብስ እየሰፋች። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ያረገዘችው ካገባች ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ቀን ከከተማው ውጭ ነበር። የመጣችው እኔን ለመቆጣት ነበር፤ የስፌት መኪናዋን ፔዳል አስበይድልሻለሁ ብዬ ወር ከግማሽ አቆይቼባታለሁ። ገና «አንተ አታፍርም?» ከማለቷ ሆዷን ያዘች። ቀጥሎ ደም ታየ።

ዋናው መንገድ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ ስለነበር ታክሲ ወደ እኛ አይገባም። ከቁፋሮው ወዲህ መንቀሳቀስ የምትችል መኪና አንዲት ብቻ ነበረች፣ ግራጫዋ።

ቀጥሎ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ በእኔ አነጋገር ነው የሚያውቀው። እውነቱን እንድናገር በተገደድኩበት ቦታ ስደርስ እነግራችኋለሁ። ለአሁኑ ይህን ያዙ፦ መኪናዋ እህቴንና እኔን ይዛ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣች፣ ቁፋሮውን ዞረች፣ በዘጠኝ ደቂቃ ሆስፒታል አደረሰችን። ሐኪሟ በኋላ «ሩብ ሰዓት ብትዘገዩ እናትም ልጅም አልነበሩም» አለችን። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጩኸቷ ኮሪደሩን አልፎ ግቢ ድረስ ይሰማል። (ይሄኛው አልተጨመረበትም።)

ሾፌሩን ላመሰግን ስወጣ ሄዷል። የእህቴን ጫማዎች ጎን ለጎን አስተካክሎ የድንገተኛ ክፍሉ ደፍ ላይ አስቀምጦልናል። ሌላ ምንም የለም፤ ስም የለም፣ ስልክ የለም።

በማግስቱ ጋራዥ ስገባ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ «መዶሻ» የምንለው፣ ሥራውን ጥሎ ጠበቀኝ።

«አንተ፣ እንዴት ደፈርክ?»

«ምን ድፍረት አለው? ጠራሁት፣ መጣ።»

«ማንን?»

«ሾፌሩን ነዋ! የልብ ወዳጄ ነው። አብረን ነው ያደግነው። መንዳት ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።»

«እና ሦስት ቀን የቆመው አንተን ሲጠብቅ ነው?»

«ታዲያ ማንን ሊጠብቅ? እህቴ ቀኗ ስለደረሰ ነው ያስቆምኩት። መንገዱ ካልተመቸህ ሄሊኮፕተር ልላክልህ ብሎኝ ነበር። ተወው፣ በየግቢው የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፣ ይበተናል አልኩት።»

መዶሻ ሳቀ፤ ግን ለጫማ ጠጋኙ ነገረው። ጫማ ጠጋኙ ፋርማሲው ውስጥ ለምትሠራው ሴት ነገራት። እስከ ማታ ሄሊኮፕተሯ ሁለት ሆናለች፤ ሁለተኛዋን ማን እንደጨመራት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከአራት ቀን በኋላ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ፎልደር የያዘ ሰው ጋራዥ መጣ። እኔ ያን ሰሞን የአንድ የጥርስ ሐኪም ነጭ መኪና ቀብቼ የግራው በር ወተት፣ የቀኙ እርጎ መስሎብኝ ነበርና «ሐኪሙ ጠበቃ ላከብኝ» ብዬ ደነገጥኩ።

«አባ ጨምር የሚባለው ማነው?» አለኝ።

«ሄዷል።»

«የት?»

«ውጭ አገር። ለትምህርት።»

«የምን ትምህርት?»

«የቀለም።»

«መቼ ይመለሳል?»

«እንደ በረዶው ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ።»

ሰውየው ጻፈ። ከልቡ ነው የጻፈው፤ በረዶውንም። ከሄደ በኋላ እኔና መዶሻ የመኪና ኮፈን ላይ ተደፍተን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን እህቴ ልጇን እያጠባች ጠራችኝ።

«ሾፌሩን ፈልገህ አምጣልኝ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ የደህንነት ሰው ነው። እነሱ ሰው ይፈልጋሉ እንጂ አይፈለጉም።»

«እንግዲህ ዘንድሮ ይፈለጋሉ።»

«በምን ልፈልገው? ስሙን አላውቅ!»

«ይቺ በጠባች ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜ ፊቱን ልየውና ይኸውልህ ልበለው። ከዚያ ዝም እላለሁ።»

«አንቺ? ዝም?»

«አፍህን ያዝ! ለሰፈሩ ሁሉ ወዳጄ ነው ስትል አልነበር? ወዳጅህን ማግኘት አቃተህ?»

ተነስቼ ወጣሁ። ሳልጨምር ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ወደ ሥራዬ ተመልሼ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቀለም ቀቢ የሰው ፊት ይረሳል፤ ቀለም ግን አይረሳም። የዚያች መኪና ግራጫ ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም፤ በላዩ የተቀባ ነው፣ አመድማ። እኔ ደግሞ ከወራት በፊት አንድ በር ስሸፍን «…የደህንነት መሥሪያ ቤት ለስምሪት የሚያገለግሉ አሥራ ሁለት ተሽከርካሪዎችን አመድማ ግራጫ ቀለም ለማስቀባት…» የሚል የጨረታ ማስታወቂያ አንብቤ ነበር። የቀረው ግማሽ ሌላ መኪና ላይ ተለጥፎ፣ ተቀብቶ፣ ተጥሏል። ሙሉው ጋዜጣ የት ይገኛል? ስጠይቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሉኝ። በአጠገቡ ሃያ ዓመት ሳልፍ ሆስፒታል ይመስለኝ ነበር፤ ጸጥታው።

የጋዜጣ ክፍሉ ሠራተኛ ሽበታም ሴትዮ ናቸው፤ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ወደ ጠረጴዛቸው ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «ስለ ደህንነት መሥሪያ ቤት መኪናዎች ማወቅ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ጮክ በል የኔ ልጅ፣ ጆሮዬ ይደክማል።»

«ስለ… መኪና።»

«የደህንነቱን ነው?» አሉ፤ የእሳቸው ድምፅ ግን አልደከመም። አዳራሹ ውስጥ ገጽ የሚገልጥ ሰው ጠፋ። «የቱን ልስጥህ? ጨረታውን፣ ዓመታዊ ሪፖርቱን፣ ወይስ መመሪያውን?»

«ይ… ይፈቀዳል?»

«አንተ ልጅ፣ ጋዜጣ ላይ ያወጡት እኮ እነሱ ራሳቸው ናቸው! እንዲነበብላቸው ነው ያወጡት። አቧራውን በየሳምንቱ እጠርጋለሁ፤ መጥቶ የጠየቀኝ ሰው ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ቁጭ በል፤ እጅህን ግን መጀመሪያ ታጠብ፣ ቀለም ነው።»

ታጥቤ ተቀመጥኩ። እንግዲህ እኔ ያ መሥሪያ ቤት ከመሬት በታች ሰባት ፎቅ እንዳለው፣ በሩ እንደ ድንጋይ ተመስሎ እንደተሠራ፣ ለስንቱ ሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ከፊቴ የተዘረጋው ግን ሌላ ነው። አሥራ ሁለቱ መኪናዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ የጎማቸው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጎማ እንደፈነዳባቸው፣ ለሕዝብ እንደራሴዎች የቀረበው ሪፖርት ላይ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። የስምሪት ክፍሉ አድራሻ፦ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ከበሩ በስተግራ። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ! ደብዳቤ ለመላክ ስሄድ ብስክሌቴን የማስደግፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

«ምነው ፊትህ ወደቀ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ሰባት ፎቅ ጠብቄ ነበር።»

አድራሻውን በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩና ልነሳ ስል «የቅርቡንም አየት አድርገው፣ አድራሻ ቀይረው እንደሆነ» ብለው የዚያን ወር ጋዜጣ አመጡልኝ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ፣ ከጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ በታች፣ እንዲህ ይላል፦

«የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ቦታ ተነስቶ ተሽከርካሪውን ለግል ወዳጁ አገልግሎት አውሏል በሚል በቀረበበት ክስ ላይ፣ አባ ጨምር በሚል ቅጽል ስም የሚጠራውና ለቀለም ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄዷል የተባለው ግለሰብ፣ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በአሥራ አምስት ቀናት ውስጥ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ። ካልቀረበ ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴው በእጁ ባለው መረጃ መሠረት ሾፌሩን ከሥራ የሚያሰናብት መሆኑን ያስታውቃል።»

መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ስሜ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅማ! ሁለተኛ ሳነበው ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። ሦስተኛ ሳነበው ቀኑን ቆጠርኩ። አሥራ አምስተኛው ቀን ነገ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«አባ ጨምር እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «ውጭ አገር አልሄድክም?»

«አልሄድኩም።»

«ቀለምስ አልተማርክም?»

«እሱንም አልተማርኩም። እንዲሁ ነው የምቀባው።»

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ወዳጅነቱን፣ የመንዳት ትምህርቱን፣ ሄሊኮፕተሯን፣ በረዶውን። አንዴም አልሳቁም። ተነስተው ወደ ኋላ መደርደሪያ ሄዱና አንድ ቀጭን ጥራዝ ይዘው ተመለሱ፤ የዚያው መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪት መመሪያ፣ በሕግ ጋዜጣ የታተመ። ከማተሚያ ቤት ሲመጣ የተያያዙት ገጾቹ ገና አልተቀደዱም፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። በማስመሪያ ለያዩትና በጣታቸው አንቀጽ አሥራ አራትን አሳዩኝ። ሕይወቱ በአስቸኳይ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ያጋጠመው ሾፌር፣ ጉዳዩ የግል አለመሆኑ እስከተረጋገጠ ድረስ፣ ከስምሪቱ ወጥቶ በቅርብ ወደሚገኝ ሕክምና ሊያደርሰው ይችላል።

«አየህ?» አሉኝ። «ሕጉ ሰውየውን ነፃ ያወጣዋል። የያዘው የአንተ ምላስ ብቻ ነው።»

ኮፒ አድርገው ሰጡኝና በሩ ድረስ ሸኙኝ። «ነገ ያለውን ብቻ ተናገር። አንዲት ቃል ብትጨምር እሰማለሁ፤ ያኔ ወዮልህ። ጆሮዬ ለዚህ አይደክምም።»

ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ በእጇ የነበረውን እርጥብ የሕፃን ጨርቅ ፊቴ ላይ ወረወረችው።

«እኔ ላመሰግነው ስፈልግ አንተ ልታስባርረው!»

«እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ…»

«ነገ ትሄዳለህ። እኔም ልጄን ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ለፎልደሩ ሰውዬም እኮ ዋሽቻለሁ። ቢያስሩኝስ? እፈራለሁ።»

«ትፈራለህ። ፈርተህ ትናገራለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ደረስን። ጥበቃው «ማን ልበል?» አለኝ።

«ውጭ አገር ያለው ሰውዬ መጥቷል በላቸው።»

እህቴ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። ጥበቃው ግን ሳይስቅ ስልክ አነሳ፤ እየጠበቁኝ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል እንደ ማንኛውም ቢሮ ነው። ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፣ ጥጉ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለበት። የውኃው ጆግ በስኒ ማስቀመጫ ተከድኗል። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በመካከል ራሰ በራው ሰብሳቢ፣ በቀኙ አንዲት ቀጭን ሴት፣ በግራው ደግሞ… ባለ ፎልደሩ ሰውዬ። የኮሚቴው ጸሐፊ እሱ ኖሯል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። «በረዶው እንዴት ነው?»

«ቀለጠ፣ ጌታዬ።»

ሾፌሩ በመስኮቱ በኩል የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወጣት ነው፤ ከሃያ ስድስት አይበልጥም። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ወደ እኔ ቀና ብሎ አላየም። ዓይኑ እህቴ ላይ አረፈና ወደ ሕፃኗ ወረደ፤ ከዚያ ወለሉን አየ።

ሰብሳቢው ወረቀት አነሱ። «ከሰፈርዎ የተሰበሰበ መረጃ ነው። አዎ ወይም አይደለም ይበሉ። ተራ ቁጥር አንድ፦ ሾፌሩ የልብ ወዳጅዎ መሆኑን።»

«ውሸት ነው።»

«ተራ ቁጥር ሁለት፦ አብረው ማደግዎን፣ መንዳትም ያስተማሩት እርስዎ መሆንዎን።»

«ውሸት ነው። እኔ ራሴ መንዳት አልችልም። ቀብቼ ስጨርስ መዶሻ ነው የሚያወጣልኝ።»

ጸሐፊው ጻፈ።

«ተራ ቁጥር ሦስት፦ ተሽከርካሪውን ለሦስት ቀን በእርስዎ ትእዛዝ ማስቆምዎን።»

«ውሸት ነው።»

«ተራ ቁጥር አራት፦» ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ሁለት ሄሊኮፕተሮች በተጠንቀቅ እንዲቆሙ ማዘዝዎን።»

«አንድ ናት ያልኩት! ሁለተኛዋን እኔ አልጨመርኳትም።»

ቀጭኗ ሴት አፏን በመሐረብ ሸፈነች። ሰብሳቢው ግን ወረቀቱን አስቀምጠው አዩኝ።

«ሁሉንም ዋሽተው ነበር እንግዲህ። አሁን እየዋሹ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? ወዳጅዎን ለማዳን ሲሉ አላውቀውም እያሉ ቢሆንስ?»

አንድ ጥሩ ነገር አፌ ላይ መጣ፤ መሐላ ያለበት፣ እንባ ያለበት፣ ትንሽ መብረቅም ያለበት። ዋጥኩት። ለማንም ያልነገርኩትን፣ እህቴም እንድትሰማው የማልፈልገውን፣ እንዳለ ተናገርኩት፦

«የዚያን ቀን እህቴ ግድግዳ ይዛ ስትንበረከክ እኔ የቀለም መርጫውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ታክሲ! ታክሲ! እያልኩ ጮህኩ፤ ታክሲ እንደማይገባ እያወቅሁ። መኪናዋ ሃያ እርምጃ ላይ ናት፤ አየኋት። እግሬ እምቢ አለኝ። ፈራሁ። መንገዱን ግድግዳውን እየዳሰሰች ያቋረጠችው እህቴ ራሷ ናት። መስታወቱን በጣቷ ቀለበት ያንኳኳችው እሷ ናት። ሾፌሩ ወርዶ ሲደግፋት እኔ ገና ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ። እሱ ነው አንተ፣ ና፣ ጭንቅላቷን ያዝ ብሎ የጠራኝ። ወዳጄ ነው ያልኩት፣ እሷ ስታንኳኳ አንተ የት ነበርክ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ስሙን አላውቅም። ፊቱን ሳየው ዛሬ ሁለተኛዬ ነው።»

ወደ ኋላ ዞሬ እህቴን ለማየት አልደፈርኩም።

ቀጭኗ ሴት ከፋይሉ አንድ ገጽ አወጣች። «ይህ ሾፌሩ በዚያው ቀን የጻፈው ቃል ነው» አለች። «ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም።» ቀስ ብላ አነበበችው፦ «ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው መስታወቱን በቀለበታቸው አንኳኩ። ከመንገዱ ማዶ አንድ የቀለም መርጫ የያዘ ሰው ደርቆ ቆሞ ነበር። ጭንቅላታቸውን እንዲይዝ ጠርቼው ገባ።»

ሰብሳቢው ገጹን ተቀብለው ለራሳቸው ደገሙት። እኔ ጊዜ ሳላጠፋ ከኪሴ ኮፒውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ምንም አልጨመርኩም፤ «አንቀጽ አሥራ አራት» ብቻ ነው ያልኩት።

«ይህ መመሪያ የማነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«የእኛ ነው» አለች ሴትየዋ፣ ራስጌውን አይታ። «በጋዜጣ ወጥቷል።»

«እኛ ጋ ኮፒ አለ?»

ጸሐፊው ፎልደሩን ገለጠ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ ከወንበሩ ሥር ሳይቀር አየ። የለም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ኮሪደር ላይ አስቀመጡን። ሾፌሩ ከእኛ ራቅ ብሎ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆመ። መልሰው ሲጠሩን ውሳኔው አጭር ነበር። ሾፌሩ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከመነሳቱ በፊት በሬዲዮ ባለማሳወቁ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። እኔ ደግሞ «የመሥሪያ ቤቱን ንብረት፣ በምድርም በአየርም፣ አዛለሁ ብዬ ዳግመኛ አልናገርም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። «በአየርም» የምትለዋን ያስገባት ጸሐፊው ነው፤ ፈገግ ብሏል።

የቤተ መጻሕፍቷን ሴትዮ በማግስቱ ሄጄ አመሰገንኳቸው። ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ብዙ አሰብኩና በመጨረሻ የዛገውን የጋዜጣ መደርደሪያቸውን ልቀባላቸው ጠየቅኳቸው። ሁሉም በኩል አንድ ዓይነት እስኪሆን ሦስት ጊዜ ደረብኩት። ዞረው ዞረው አዩትና «እጅህን ታጠብ» አሉኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ማስታወቂያ ሁሉ ሙሉውን፣ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ አንድ ሰው ሥራውን አጥቶ እኔ ዛሬም ኮፈን ላይ ተደፍቼ እስቅ ነበር። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ውሳኔውን በሰማንበት ቀን ግን ከኮሚቴው ክፍል እንደወጣን እህቴ ወደ እኔ ዞረች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ደርቀህ መቆምህን አውቅ ነበር» አለችኝ። «ዞር ብዬ አይቼሃለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንዴ ጭንቅላቴን ከያዝክ ወዲያ እስከ ሆስፒታል አለቀቅከኝም። ምን ልበልህ?»

ከዚያ እኔን ትታኝ ወደ ሾፌሩ ሄደች። ሰውየው ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ውስጥ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው ከአንዲት ሴት ሲሸሽ ብታዩት!

«ወንድሜ፣ ስምህን አልጠይቅህም፤ አትናገር ተብለህ ይሆናል» አለችው። «ይኸውልህ። እሷ ናት።» ሕፃኗን ክንዱ ላይ አደረገችለት።

«እኔ እኮ ሕፃን ይዤ…»

«ጭንቅላቷን ብቻ ደግፍ። ትችልበታለህ።»

ክርኖቹን አጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሕፃኗ የሸሚዙን ቁልፍ ያዘች። እኔም ቀረብኩ። ለምስጋናው ሌሊቱን ሙሉ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። እጁ ሕፃን ስለያዘ ትከሻውን ነካሁትና «አመሰግናለሁ። ይቅርታም አድርግልኝ» አልኩት።

«ጫማዋን አገኘችው?» አለኝ።

«አገኘችው።»

«ጥሩ። መኪናው ውስጥ ቀርቶ ስላገኘሁት ነው ተመልሼ ደፉ ላይ ያስቀመጥኩት።»

ቀበቶው ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጫረረ፤ ስምሪት ክፍሉ የት እንዳለ ይጠይቀዋል። እጁ ስላልተመቸው እህቴ ቁልፉን ተጫነችለት፣ ሬዲዮውንም ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«እየመጣሁ ነው» አለ፤ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ሕፃኗ የሸሚዙን ቁልፍ እስክትለቅለት ድረስ።